የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌርና የፋየርዎል ወደቦች፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ አሠራር ጋር በማነጻጸር የቀረበ ማብራሪያ

በየትምህርት ቤቱ የሬጅስትራር ክፍል የሚገኘው የተማሪዎች የውጤት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ መሆኑ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አዲስ ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በበይነ መረብ መሰጠቱም የዚሁ ሂደት አንድ ገጽታ ነው። የወረቀት መዝገብ ሲቃጠል ወይም ምስጥ ሲበላው ጉዳቱ በዓይን ይታያል፤ የኮምፒዩተር መዝገብ ግን ዲስኩ በተበላሸበት ቅጽበት ያለ ጢስና ያለ አመድ ይጠፋል። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር የሚተከለው ይህን ጥፋት ለመከላከል ነው። ሆኖም ሶፍትዌሩ ከተተከለ በኋላ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያሰናክለው የራሱ ጉድለት ሳይሆን በመካከል የቆመው የፋየርዎል አደረጃጀት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መሰናክሉ ከምን እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚወገድ ማስረዳት ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ምሳሌ ከአገራችን ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በመልቲሞዳል ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ ኮንቴይነር ጂቡቲ ላይ ሳይከፈት፣ እንደ ታሸገ በጭነት መኪና ወይም በባቡር ተጉዞ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ የሚፈጸምለት ሞጆ ላይ ነው። የዕቃው ሰነድ ግን ከኮንቴይነሩ ጋር በአንድ መንገድ አይጓዝም፤ በባንኮች በኩል በራሱ መስመር ወደ አስመጪው ይደርሳል። ኮንቴይነሩ ደርሶ ሰነዱ ካልደረሰ ዕቃው ከግቢው አይወጣም፤ ሰነዱ ደርሶ ኮንቴይነሩ መንገድ ላይ ከቀረም የሚረከቡት ነገር አይኖርም። አንባቢው ይህን የመንገዶች መለያየት ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ የመጠባበቂያ ቅጂም አብዛኛው ችግር የሚነሣው ከዚሁ ነውና።

በኮምፒዩተር ቋንቋ «ወደብ» ማለት ግን ግቢም በርም አይደለም፤ ቁጥር ነው። ወደ አንድ ኮምፒዩተር የሚላክ መልእክት ከማሽኑ አድራሻ በተጨማሪ ከ0 እስከ 65535 ያለ የወደብ ቁጥር ይይዛል። በዚያ ቁጥር የሚያዳምጥ ፕሮግራም ካለ መልእክቱን ይቀበላል፤ ከሌለ ማሽኑ «ተቀባይ የለም» ብሎ ይመልሳል። ፋየርዎል ደግሞ በመንገዱ ላይ የቆመ ኬላ ነው፤ ከየትኛው አድራሻ፣ ወደ የትኛው አድራሻ፣ በየትኛው ወደብ የሚለውን እያየ ያሳልፋል ወይም ያግዳል። ከዚህም በላይ የዘመኑ ኬላ አንድ ጊዜ የፈቀደውን ጥሪ በመዝገቡ ስለሚይዝ፣ መልሱን ያለ ሌላ ፈቃድ ያስገባዋል። ስለዚህ መታወቅ ያለበት ዋናው ጉዳይ መረጃው ወዴት ይፈሳል የሚለው ሳይሆን ጥሪውን ማን ይጀምራል የሚለው ነው።

ይህን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ ያለ ክፍያ የሚገኘውንና ባኩላ የተባለውን ሶፍትዌር እንውሰድ። ሥራው በሦስት ወገኖች የተከፋፈለ ነው፤ ትእዛዝ ሰጪው በ9101፣ መዝገቡ ባለበት ማሽን ላይ የሚተከለው ወኪል በ9102፣ ቅጂውን የሚያስቀምጠው ማከማቻ ደግሞ በ9103 ያዳምጣሉ። በምሳሌነት የሬጅስትራሩ ኮምፒዩተር ሞጆ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት፣ ትእዛዝ ሰጪው በከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ማከማቻው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዳማ ላይ ነው እንበል። ሌሊት ሰዓቱ ሲደርስ ትእዛዝ ሰጪው በ9103 ማከማቻውን፣ በ9102 ደግሞ ወኪሉን ይጠራል። ቀጥሎ የሚሆነው ብዙዎችን ያሳስታል። መረጃውን ትእዛዝ ሰጪው ተቀብሎ ለማከማቻው አያቀብልም፤ ወኪሉ ራሱ ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ አዳማ ያለውን ማከማቻ በ9103 ይጠራና መረጃውን በቀጥታ ያራግፍለታል። ሰነዱ በአንድ መንገድ፣ ኮንቴይነሩ በሌላ መንገድ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ከትእዛዝ ሰጪው የሚነሡት ሁለት ጥሪዎች ብቻ ተፈቅደው ከትምህርት ቤቱ ወደ አዳማ የሚሄደው ጥሪ ቢዘነጋ፣ ትእዛዙ ይደርሳል፤ ወኪሉም «እሺ» ይላል፤ ቅጂው ግን አይሠራም። በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ ወኪሉ በሕይወት መኖሩ ስለሚታይ ኃላፊው ሥራው የተከናወነ ይመስለዋል። ይህንኑ የሚመስል ሌላም ስሕተት አለ። የማከማቻው አድራሻ በትእዛዝ ሰጪው ማዋቀሪያ ውስጥ 127.0.0.1 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ይህ ቁጥር «ራስህ» ማለት ስለሆነ ወኪሉ አዳማን መጥራቱ ቀርቶ ራሱን ይጠራል። ያን ጊዜ ኬላውን ቢከፍቱትም ባይከፍቱትም ለውጥ አይመጣም።

የጥሪው አወዳደቅ የችግሩን ሥፍራ ያመለክታል። ጥሪው ወዲያው ተቀባይነት ካጣ፣ መልእክቱ ከማሽኑ ደርሷል፤ በዚያ ቁጥር የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን አልተነሣም ማለት ነው። ብዙ ሴኮንድ ተጠብቆ ያለ ምንም መልስ ከተቋረጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬላው መልእክቱን በዝምታ ጥሎታል። ቴልኔት በተባለው ትእዛዝ ከራሱ ከሬጅስትራሩ ማሽን ላይ ሆኖ መሞከር ይገባል፤ ከኃላፊው ጠረጴዛ የተደረገ ሙከራ ስለ ሌላ መንገድ እንጂ ስለዚህ መንገድ አይመሰክርም። በዊንዶውስ ማሽን ላይ በውስጡ ሌላ ፋየርዎል እንዳለም አይዘንጋ፤ የመረቡ ኬላ ያሳለፈውን እርሱ ሊያግደው ይችላል።

ትንሽ ቅጂ ተሳክቶ ትልቁ በመካከል ሲቋረጥም ያጋጥማል። ወኪሉ በዘገምተኛ መስመር ለሰዓታት ሲያራግፍ፣ ከትእዛዝ ሰጪው ጋር የተከፈተው መስመር ንግግር አልባ ሆኖ ይቆያል። ብዙ ኬላዎች ለተወሰነ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ለአንድ ሰዓት፣ ድምፅ ያላሰማን መስመር እንደ ተተወ ቆጥረው ይሰርዙታል። መረጃው በሙሉ ተራግፎ ሥራው ግን እንደ ከሸፈ የሚመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው «ሃርትቢት ኢንተርቫል» የተባለውን መመሪያ ለምሳሌ 60 ሴኮንድ ማድረግ ነው፤ በየደቂቃው አጭር ምልክት ስለሚላክ መስመሩ ሕያው ሆኖ ይቆያል።

እነዚህን ችግሮች አንድ በአንድ ከመከታተል ይልቅ ሁሉንም ወደብ ከፍቶ መገላገል የሚመርጡ አሉ። ይህን በብርቱ እንቃወማለን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ለፋይል መጋሪያ በሚያገለግለው በ445 ወደብ በኩል ከማሽን ወደ ማሽን እየተላለፈ፣ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። የመጠባበቂያ ቅጂው በዚሁ በ445 በሚደረስበት የጋራ ማኅደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ ዋናውን መዝገብ የሚቆልፈው ፕሮግራም ቅጂውንም አብሮ የመቆለፍ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ ፈቃዱ ጠባብ ይሁን፤ 9103 ይከፈት ሲባል ከሬጅስትራሩ ማሽን አድራሻ ወደ ማከማቻው አድራሻ ብቻ እንጂ ከማንኛውም ወደ ማንኛውም አይሁን።

ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሶፍትዌር ከመመረጡ በፊት የወደብ ዝርዝሩን ከአቅራቢው ሊጠይቁ ይገባል። ምክንያቱም ሁሉም እንደ ባኩላ በሦስት ቁጥር አይወሰንም። ቪም የተባለው ሶፍትዌር በአዳዲስ እትሞቹ ለመረጃ ማጓጓዣ ብቻ ከ2500 እስከ 3300 ያሉትን ይጠቀማል። በሌላ በኩል አርሲንክን በኤስኤስኤች አማካይነት የሚያሠራ ትምህርት ቤት 22ን ብቻ ወደ አንድ አድራሻ ከፍቶ ሥራውን ያከናውናል። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የውጤት መዝገብ ብቻ ላለው ትምህርት ቤት ይህ የኋለኛው በቂ ይመስለናል።

የፋየርዎሉ አደረጃጀት የሚፈተነው በመጨረሻ ቅጂውን በመመለስ ነው። በባኩላ መረጃው ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚመለስበትም ጊዜ ማከማቻውን በ9103 የሚጠራው ያው ወኪል ስለሆነ፣ ለመመለሻ ተብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚከፈት ሌላ ወደብ የለም፤ ክፈቱ የሚል ባለሙያ ቢመጣ ምክንያቱን ይጠየቅ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ከቅጂው አንድ ፋይል ወደ ሌላ ማኅደር ይመለስና ይከፈት፤ የጥቂት ተማሪዎችም ውጤት መምህራኑ ፈርመው ካስረከቡት የወረቀት ዝርዝር ጋር ይመሳከር።