ተጨማሪ መረጃ፦ አራቱ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ዓይነቶች

በአማርኛ ግሱ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ያርፋል። በእንግሊዝኛ ግን የተለመደው ቅደም ተከተል ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ነው። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች በአገልግሎታቸው በአራት ይከፈላሉ።

• ሐተታዊ፦ መረጃ ይሰጣል፤ በነጥብ ይዘጋል። «ሺ ድሪንክስ ኮፊ» (ቡና ትጠጣለች)።

• መጠይቃዊ፦ ብዙውን ጊዜ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል። «ደዝ ሺ ድሪንክ ኮፊ?» (ቡና ትጠጣለች?)። «ድሪንክስ» መጨረሻው ላይ የነበረውን «ስ» እንዳጣ ልብ በሉ፤ ነጠላ ሦስተኛ መደብን የማመልከቱን ሥራ «ደዝ» ወስዶታል። ስለዚህ «ደዝ ሺ ድሪንክስ» ማለት ስሕተት ነው።

• ትእዛዛዊ፦ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀስም። አማርኛ «ጠጣ፣ ጠጪ፣ ጠጡ» እያለ ጾታና ቁጥር ሲለይ፣ እንግሊዝኛ ለሁሉም «ድሪንክ» ይላል። ትሕትና ለመጨመር «ፕሊዝ» ይባላል።

• አጋናኝ፦ አድናቆትን ወይም መገረምን ይገልጻል፤ በቃለ አጋኖ ይዘጋል። «ሃው ስትሮንግ ዘ ኮፊ ኢዝ!» (ቡናው እንዴት ወፍራም ነው!) ሲባል አድናቆት ነው፤ «ሃው ስትሮንግ ኢዝ ዘ ኮፊ?» (ቡናው ምን ያህል ወፍራም ነው?) ሲባል ጥያቄ ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የፈጠረው የ«ኢዝ» ቦታ ነው።

ተለማመዱ፦ አንድ ሐተታዊ ዐረፍተ ነገር ጻፉና ወደ ቀሪዎቹ ሦስት ዓይነቶች ለውጡት።