«ዝርዝር መግለጫ» እና የቦረና ወቅቶች

አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ምን እንዲያከናውን እንደሚፈለግ አስቀድሞ የሚወስነው ጽሑፍ በጨረታ ማስታወቂያዎች «ስፔሲፊኬሽን»፣ አንዳንዴም «ዝርዝር መግለጫ» ተብሎ ይጠራል። እኛ ሁለተኛውን መርጠናል፤ ይሁንና ሙሉ በሙሉ አላረካንም። መግለጫ ያለን ነገር ይገልጻል፤ ይህ ጽሑፍ ግን ወደፊት የሚሠራውን ነገር ያስገድዳል። የተሻለ ቃል እስኪገኝ ድረስ አንባብያን በዚህ ፍች እንዲረዱልን እንጠይቃለን።

የጽሑፉን አስፈላጊነት የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ባወጡት የ«አጃይል» መግለጫ፣ ከተሟላ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር ብልጫ ሰጥተዋል። ማንም ለማያነበው ጥራዝ ጠበቃ ልንቆም አንሻም። ነገር ግን አሠሪውና ፕሮግራም ሠሪው በአንድ ተራ ቃል ሁለት ነገር ሲያስቡ፣ መለያየታቸውንም ሳያውቁት ሲቀሩ፣ ከጽሑፍ በቀር ስሕተቱን በጊዜ የሚያጋልጥ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ለዚህ ከደቡብ ቆላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በ2012 እ.ኤ.አ. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ጋር በቦረና በጠቋሚ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን ጀመረ። በዚህ መድን የሞተ ከብት አይቆጠርም። የግጦሹ ልምላሜ ከሳተላይት ይለካል፤ የወቅቱ ልኬት ከተወሰነው ወለል በታች ሲወርድ አረቦን የከፈለው አርብቶ አደር ካሣ ይከፈለዋል። ዓመቱ በሁለት ይከፈላል፦ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር፣ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ። እንግዲህ ካሣው የሚወሰነው «ወቅት» በሚለው ቃል ፍች ነው።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ይፈተናል። «የዝናብ ወቅት» የሚለውን ደገኛው ያለማመንታት «ክረምት» ይለዋል። ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ቦረናዎች አዶሌሳ ይሉታል። ዋናው ዝናብ ገና ሲሆን ከማርች እስከ ሜይ ይዘንባል፤ አነስተኛው ሐገያ በመጸው ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቦና፣ ማለትም በጋው፣ ይከተላል።

ታዲያ የአገሬውን ቃል ወስደን ብንጽፍስ? ችግሩ በዚያም አያበቃም። በመካከለኛው ደጋ የሚኖር የኦሮምኛ ተናጋሪ ገና ሲል የደጋውን ክረምት ማለቱ ነው። ሐገያም በኦሮምኛ የወራት አቆጣጠር የኦገስት ስም ነው። ፕሮግራሙ ቃሉን በወር ስም ከተረዳው ዝናቡን በደረቁ ወር ይፈልጋል። በፊደላችን ሲጻፍ ደግሞ የቦረናው ገና ከልደት በዓል ስምም ሆነ «ገና አልመጣም» ከምንለው ቃል አይለይም። የልደት በዓል በቦረና የሚውለው በቦናው መካከል መሆኑን ስናስብ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ሐገያን በሀ የሚጽፍም አለ፤ ሀና ሐ ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና እኩል ይታዩ እንደሆነ መግለጫው መወሰን አለበት። ስለ ቦታ ስምም እንዲሁ ነው፦ «ነገሌ» ተብሎ ብቻ ቢመዘገብ የቦረናዋ ትሁን የአርሲዋ አይታወቅም።

የቀን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይሻል። በዘመናችን ማርች 1 ምንጊዜም የካቲት 22 ነው። ኦክቶበር 1 ግን በአብዛኛው መስከረም 21፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መስከረም 20 ነው። ስለዚህ «ከመስከረም 21 ጀምሮ» ብሎ የተረጎመ ሰው በየአራት ዓመቱ አንዴ የአንድ ቀን ልኬት ያጎድላል። የአንዲት ቀን ስሕተት ቀላል መስላ ትታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ልኬቱ ከወለሉ አጠገብ በሆነበት ዓመት ካሣ ሊያስገኝ ወይም ሊያስቀር ይችላል።

በመሆኑም በዝርዝር መግለጫ ውስጥ የሚገባ የወቅት ስም በተመሳሳይ ቃል ሳይሆን በቀናት ወሰን እንዲፈታ እናሳስባለን። የፍቹ መልክ የሚከተለው ቢሆን፦ ገና (ነኛው ጠብቆ ይነበባል)፦ በቦረና አነጋገር የዋናው ዝናብ ወቅት፤ ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 እ.ኤ.አ.፤ ክረምት ተብሎ አይተረጎምም።