የዳባት መዝገብ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ሐሳቡ ስሜን ተራራ ላይ ስለሆነ ዳባት ላይ ለሻይ እንኳ አይወርድም። እኔ ግን እንግዳ ሲመጣብኝ ከዋልያው አስቀድሜ የማወራው ስለ ዳባት መዝገብ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት ምርምር ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተመላለሰ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ያገባውን፣ የመጣውንና የሄደውን ይመዘግባል።

ልቤን የወሰደው የሞት ምዝገባው ነው። የገጠር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው እቤቱ ነው፤ በምን እንደሞተ የሚጽፍ ሐኪም አጠገቡ የለም። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው የሐዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቆ ቤተሰቡን ይጠይቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? ስንት ቀን ተኛ? ቃላቸውን ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። አንድ ጊዜ አብሬ ሄጄ ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው እናት ወጣቱን መረጃ ሰብሳቢ አተኩረው አዩና «አንተ ያኔ የመጣኸው ልጅ አይደለህም?» ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከመጀመሪያው ሌሊት ትኩሳት አንሥተው ነገሩት። ፊቱን ለማያውቁት ሰው እንዲህ አይዘረዝሩም ነበር።

«የምዝገባው ፈንድ ቢቆም ምን አለ፣ ሲለቀቅ ይቀጥላል» የሚሉ ሰዎች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው። የግንብ ሥራ ሲቋረጥ ድንጋዩ ባለበት ይቆያል። በምዝገባው ክፍተት ውስጥ ተወልዶ የሞተ ሕፃን ግን፣ እናቱ አገር ከለወጠች፣ መኖሩን የሚናገርለት የለም። ፊቱን የለመዱት መረጃ ሰብሳቢም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዷል።

ማዕከሉ በኢትዮጵያ ጤና አጠባበቅ ማኅበር በኩል ከአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ገንዘብ ያገኘባቸው ዓመታት አሉ። የእርዳታ ገንዘብ ከፖለቲካ ጋር እንደሚመጣና እንደሚሄድ ደግሞ ጎንደር ቀድማ አይታለች፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ ሲከፈት ያገዘችው አሜሪካ ነበረች፤ በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግዱም፣ በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በአገራችን ተቋርጧል።

ሌላው ጥናት በፕሮጀክት ቢካሄድ ግድ የለኝም። ምዝገባው ግን የዋሽንግተንን ምርጫ ውጤት መጠበቅ የለበትም፤ ከራሳችን በጀት ይመደብለት። የሚያስፈልገው የመረጃ ሰብሳቢዎች ደመወዝ፣ መመዝገቢያ፣ ለክረምቱ ጭቃም ቦት ጫማ ነው።