ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት

3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን፤ ሁሉም በአንድ ቀን። ረጅሙ ትራያትሎን፣ በተለምዶ ስሙ አይረንማን፣ ይኸው ነው። በኦሎምፒክ የምናየው፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ተዋኝቶ 40 ተጋልቦ 10 የሚሮጥበት፣ ታናሹ ነው።

ማራቶን የምናውቅ ሰዎች ስለዚህ ውድድር ስንሰማ ቀድሞ የሚመጣልን አንድ ሐሳብ አለ፦ «ዋናውንና ብስክሌቱን እንደምንም ከተወጣነው ሩጫውስ የኛ ነው።» በሰማሁት ቁጥር ሳላስረዳ አላልፍም። ያ ማራቶን የሚበላሸው ሯጩ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ፣ ብስክሌቱ ላይ ሳለ ነው። የሚያበላሸውም ሆድ ነው።

ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያጠራቅመው ስኳር 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥለው ግን ከ8,000 ሊያልፍ ይችላል። ከጉድለቱ ብዙውን ስብ ይሸፍናል፤ ስብ ግን ቀስ ብሎ የሚነድ ማገዶ ነውና የቀረው በአፍ መግባት አለበት። ታዲያ መቼ? ውሃ ውስጥ አይበላም። ሲሮጡ ሆድ ይናጣል፣ የገባው አይረጋም። የሚቀረው ብስክሌቱ ነው። ለአብዛኛው ተወዳዳሪ ስድስት ሰባት ሰዓት የሚፈጀው ያ ጉዞ የምሳም የመክሰስም ሰዓት ነው፤ በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ በጄል፣ በሙዝ፣ በጣፋጭ መጠጥ፣ ራበኝ አልራበኝ ሳይባል ይወሰዳል።

ችግሩ፣ ፔዳሉን አብዝቶ የሚረግጥ ሰው ደሙን ወደ እግሩ ይጠራል። ሆድ ደም ሲያጣ ሥራውን ያቆማል፤ የተበላው ባለበት ይቀመጣል፣ ቆይቶም ይመለሳል። ጠዋት ላይ ትኩስ ጉልበት ተሰምቶት የፊቱን ሁሉ እያለፈ የሄደ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ከሰዓት በኋላ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ፍራንክፈርት ነው። ከማይን ወንዝ ዳር፣ ሩጫው እየዞረ በሚመለስበት መንገድ ላይ፣ በአንድ ሞቃት እሁድ ሙዝና ውሃ አቀብል ነበር። አንድ የአገሬ ልጅ እየተራመደ መጣ። ጎበዝ ማራቶን ሯጭ መሆኑን አውቃለሁ። ሙዙን ስዘረጋለት «ጋሼ፣ ተወው፤ ሆዴ ከዘጋ ሦስት ሰዓት ሆነው» አለኝ። ብስክሌቱን እንዴት እንደጋለበው ሳይነግረኝ ገባኝ። ለዚያ ቀን ብሎ ቀምሶት የማያውቀውን ጄል መግዛቱን ኋላ ሰማሁ። እባካችሁ፣ የውድድር ቀን ምግብ የሚሞከርበት ቀን አይደለም! ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል፤ ወራት ሙሉ፣ ያንኑ ምግብ፣ ብስክሌት ላይ ሆኖ። ጨው ሳይቀምስ ውሃ ብቻ የሚግተውም ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ በደሙ ያለው ጨው ከመጠን በታች ከወረደ እስከ ሞት ያደርሳል።

ነገሩ ከመነሻውም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያው አይረንማን የተካሄደው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 በሃዋይዋ ኦዋሁ ደሴት ነው። ባልና ሚስቱ ጆን እና ጁዲ ኮሊንስ በደሴቲቱ የነበሩትን የዋና፣ የብስክሌትና የማራቶን ውድድሮች አንድ ላይ ቀጠሏቸው። 15 ሰዎች ጀመሩ፣ 12 ጨረሱ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጆን ደንባር ሲመራ ቆየ፤ ረዳቶቹ ውሃ ቢያልቅባቸው ቢራ ሰጡት፤ ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ጨርሶ ቀደመው።

የፍራንክፈርቱ ልጅ እየተራመደም ቢሆን ጨረሰ። ማታ ሳገኘው «አሥራ አራት ሰዓት ፈጀብኝ» ብሎ አቀረቀረ። ተቆጣሁት። «ስንተኛ ወጣህ?» ማለት የለመደ አገር ልጆች ነን፤ እዚህ ግን የሚጠየቀው «ጨረስክ ወይ?» ነው። በሃዋዩ ውድድር ለዓመታት የተለመደው ገደብ 17 ሰዓት ነበር፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት። ከዚያ ያለፈ አልጨረሰም። ሌሊት ላይ መጨረሻው መስመር ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚጠብቀው እነዚያን የመጨረሻዎቹን ነው።

ከእነዚያ አንዱ ጃፓናዊው ሂሮሙ ኢናዳ ነው፤ ትራያትሎን የጀመረው በ70 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሃዋይ ላይ መስመሩን ያለፈው ገደቡ ካበቃ ከ5 ሰከንድ በኋላ ስለነበር አልተቆጠረለትም። በዓመቱ ተመልሶ ጨረሰ። በ2018፣ 85 ዓመት ሆኖት፣ በ16 ሰዓት ከ53 ደቂቃ እንደገና ጨረሰ።