የእማዬ ስምንት ሰዓት

ሁስቢ ያደገ ልጅ ቮርድሴንትራል ምን እንደሆነ ያውቃል። የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። ብዙዎቻችን እዚያ የምንሄደው ስንታመም ብቻ አይደለም። እናታችንን ወይም አባታችንን ይዘን ለማስተርጎምም እንሄዳለን። እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ስዊድንኛ ስለምችል ብቻ ሥራው የእኔ ሆነ።

እማዬ የስኳር በሽታ አለባት፤ ዓይነት ሁለት የሚባለው። ለብዙ ዓመታት የምትወስደው ኪኒን ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ስኳሯ አልወርድ ስላለ በቀን አንድ ጊዜ የምትወጋው ኢንሱሊን ታዘዘላት። ያን ቀን አብሬያት ነበርኩ። ነርሷ በስዊድንኛ «ማታ በስምንት ሰዓት ትውሰድ» አለች። እኔም ዞር ብዬ «እማዬ፣ በስምንት ሰዓት ተወጊ» አልኳት።

እማዬ «እሺ» አለች።

ነርሷ «ገብቷታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። አመስግነን ወጣን።

ስህተቱን አያችሁት? የስዊድን የማታ ስምንት ሰዓት በአማርኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። በአማርኛ ስምንት ሰዓት ሲባል ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ስዊድኖች 14 የሚሉት። እኔ ቁጥሩን ተረጎምኩ እንጂ ሰዓቱን አልተረጎምኩም። «ማታ» የሚለውንም ቃል ዘለልኩት።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እማዬ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። በስምንት ሰዓት በባዶ ሆዷ ተወጋች። በዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ሽሮ ቀማምሳ ወደ ሥራ ሄደች። የምትሠራው መሀል ከተማ ነው፤ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። ስትመለስ በ11 ቁጥር ባቡር ውስጥ ላብ አሰመጣት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ። ኺስታ ሲደርሱ አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፊቷን አይተው ከቦርሳቸው ጁስ አውጥተው ሰጧት። ሁስቢ ወርዳ ደወለችልኝ። ሮጬ ሄድኩ። ስኳሯን ስንለካ 3.1 ነበር። ከ4 በታች ከሆነ ስኳር ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ በጣም ከወረደ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

«ለምን በቀን ተወጋሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ?» አለችኝ።

«ቀንዎ እንዴት ዋለ?»

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነርስ ጋር ቀረብን። ይህችኛዋ ዲስትሪክትሾተርስካ ናት። ዲስትሪክትሾተርስካ ማለት ከሦስት ዓመት የነርስነት ትምህርት በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ተጨማሪ ትምህርት የተማረች ነርስ ናት። አንዳንድ መድኃኒቶችን ራሷ ማዘዝ ትችላለች። ከትልልቅ ሥራዎቿ አንዱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ከበሽታው ጋር እንዴት እንደሚኖር መምራትና ማገዝ ነው።

ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አስተርጓሚ በስልክ ማስገባት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ዛሬ ልጅ ሆነሽ ተቀመጪ» አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ ብቻ ሆኜ ተቀመጥኩ።

የደም ምርመራውን ወረቀት አላነሳችም። አስተርጓሚው ጥያቄዋን እንዲህ ብሎ አቀረበው፦ «ትናንት ቀንዎ እንዴት ዋለ? ከጠዋት እስከ ማታ ይንገሩኝ።»

እማዬ ዝም አለች። ነርሷም ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ እማዬ መናገር ጀመረች። በጾም የጠዋቱን ኪኒን እንደማትወስድ ነገረቻት፤ «ከምግብ ጋር ውሰጂ» ስለተባለች፣ ጠዋት ምግብ ስለሌለ ኪኒኑንም ትተወዋለች። ጾሙን ስትፈታ በጣም ስለሚርባት መጀመሪያ ያገኘችውን ዳቦ እንደምትበላ ተናገረች። ጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁሉም ስኳር እንዳለበት ነገረቻት። መርፌውንም እንደምትፈራው ነገረቻት። አባቷ በመጨረሻ ዘመናቸው ኢንሱሊን ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ ስላረፉ፣ «ኢንሱሊን የመጨረሻው ነው» ብላ ታስብ ነበር።

እኔ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላውቅም ነበር። በኋላ «ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?» አልኳት። «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

አሠልጣኝ ኳስ አይመታም

ነርሶች ይህን ዓይነት ሥራ ኮቺንግ ይሉታል። ኮች ማለት አሠልጣኝ ነው። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሜዳ ገብቶ ጎል አያገባም። የሚጫወተው ተጫዋቹ ነው። የስኳር በሽተኛም እንዲሁ ነው። ነርሷን በዓመት ጥቂት ጊዜ ያገኛታል። በቀሩት ቀናት ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚወጋ፣ ምን ያህል እንደሚራመድ የሚወስነው እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ነርሷ «ይህን አድርጊ፣ ያን ተይ» ብቻ ብትል ብዙ አይረዳም። በስዊድን ብዙ ነርሶች የሚጠቀሙበት የአነጋገር ዘዴ አለ፤ ሞቲቬራንዴ ሳምታል ይባላል። ሰውዬው ለመለወጥ የራሱን ምክንያት እንዲያገኝ የሚረዳ ጭውውት ነው። ያመጣው ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሐሳቡን በ1983 ጽፎ አወጣ። ጅማሬው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ነው፤ ሚለር ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ሄዶ የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ስለማከም ከባለሙያዎች ጋር ሲወያይ ነው የተወለደው።

የእማዬ ነርስ ከዚህ ዘዴ አንድ ጥያቄ ወሰደች። «ቡናውን ያለ ስኳር ለመጠጣት ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያህል እርግጠኛ ነዎት?»

እማዬ አሰበችና «አራት» አለች።

እኔ በሆዴ «አራት ብቻ?» አልኩ። ነርሷ ግን «ለምን አራት ሆነ? ለምን አንድ አላሉም?» ብላ ጠየቀቻት።

እማዬ ሳቀች። «ሦስተኛው ስኒ ላይ ስኳሩ ለወግ ነው፤ አይጣፍጠኝም እኮ» አለች። በዚያው በረካው ያለ ስኳር እንዲሆን ራሷ ወሰነች። ነርሷ አላዘዘቻትም። ጥያቄው ብልህ ነው፤ «ለምን አሥር አይሆንም?» ብትባል ኖሮ እማዬ ስኳር መተው ለምን እንደሚከብድ ትዘረዝር ነበር። «ለምን አንድ አይሆንም?» ስትባል ግን ለምን እንደምትችል ተናገረች።

ስለ ጾሙም ነርሷ «አትጹሚ» አላለችም። «ጾም ለእርስዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ቀጥላም በባዶ ሆድ ኢንሱሊን መውሰድ ለምን አደገኛ እንደሆነ አስረዳች። እማዬ የንስሐ አባቷን እንደምታማክር ነገረቻት። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀል እማዬም ታውቃለች፤ ለሌላ ሰው ስትመክር ሰምቻታለሁ። ለራሷ ግን ከብዷት ነበር። ንስሐ አባቷ ጠዋት እየበላች የጾም ምግብ ብቻ እንድትመገብ ፈቀዱላት። ነርሷም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ የመድኃኒቱን ሰዓት ከዚያ ጋር አስማማችው።

በመጨረሻ ነርሷ እንዲህ አለች፦ «እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ኢንሱሊኑን መቼ እንደሚወስዱ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ።»

እማዬ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ እራት በልቼ» አለች። አስተርጓሚው ወደ ስዊድን ሰዓት ቀየረው። ነርሷ ወረቀት ላይ ጻፈችው።

ይህ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያን የመጀመሪያ ቀን እኔን «ገብቷታል?» ከማለት ይልቅ እማዬን እንዲህ ቢጠይቋት ኖሮ፣ ስህተቴ እዚያው ይያዝ ነበር።

«እሺ» ስንት ትርጉም አለው?

እኛ እዚህ ያደግን ልጆች «እሺ» ማለት «አዎ» ይመስለናል። ወላጆቻችን ግን በብዙ መንገድ ይጠቀሙበታል። «እሺ» አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ነው። አንዳንዴ «አከብርሻለሁ፣ አልከራከርሽም» ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ይብቃን፣ ልሂድ» ነው። ሐኪምና ነርስ የተማሩ ሰዎች ናቸው ተብሎ ፊት ለፊት «አልገባኝም» ማለት ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ እናታችሁ «እሺ» ስትል ቶሎ «ገብቷታል» ብላችሁ አትተርጉሙ።

የስዊድን ሕግም ከዚህ ጋር ይስማማል። ከ2015 ጀምሮ የሚሠራው የታካሚዎች ሕግ፣ መረጃ ለታካሚው ዕድሜ፣ ልምድና ቋንቋ የሚመች ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። መረጃውን የሚሰጠው ባለሙያም ሰሚው እንደተረዳው በተቻለ መጠን ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ አታፍሩ። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ።

እንዲህ ዓይነቱ እገዛ የስዊድን ብቻ አይደለም። ከ2015 እስከ 2019 በካሮሊንስካ ተቋም የተመራ አንድ የምርምር ሥራ የዓይነት ሁለት ስኳር በሽተኞች ራሳቸውን እንዲንከባከቡ ማገዝን በዩጋንዳ፣ በደቡብ አፍሪካና በስዊድን አጥንቷል። ስቶክሆልም ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች ላሉ ሰዎች በስልክ ኮቺንግ ተሞክሯል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጀምራለች። ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመድበዋል። ቤት ለቤት እየሄዱ፣ ከእናቶች ጋር ቁጭ ብለው፣ በእናቶቹ ቋንቋ ይነጋገራሉ። እማዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ የእኔዋም ነርስ እንደነሱ ናት፤ ቤቴ ባትመጣም ቤቴን ጠየቀችኝ» አለች።

ከስድስት ወር በኋላ እማዬ እንደገና ተመረመረች። የረጅም ጊዜ ስኳር የሚባለው፣ የሁለት ሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ74 ወደ 61 ወርዶ ነበር። ገና ይቀራታል። ግን ከቮርድሴንትራል ስንወጣ በሁስቢ አደባባይ ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። «ቁጥሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

አሁንም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ልጅ ሆኜ። ስልኬ ላይ ግን ማታ ማታ አንድ ደወል አለ። ስሙን «ሁለት ሰዓት» ብዬዋለሁ።

ከወላጅ ጋር ስትሄዱ የሚጠቅሙ አነጋገሮች

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፦ በስዊድን ሰዓት 20። በአማርኛ ሰዓት ላይ ስድስት ጨምሩ፤ ከዚያ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን ተናገሩ።

በባዶ ሆድ፦ ምንም ሳይበሉ።

ስኳሬ ዝቅ አለ፦ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ወረደ። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ረሃብ ነው። ሰውዬው መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ጁስ ወይም ስኳር ስጡት። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር አፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ 112 ደውሉ።

አልገባኝም፣ እንደገና ይንገሩኝ፦ ለወላጆቻችሁ ይህን አስታውሷቸው። ነውር የለውም።