የገጀራ ጭራ በተሰበረ ጊዜ እንዴት እንዲጠገን

በከፋና በጅማ የቡና አገር ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፍሬው ሳይለቀም፣ ከቡናው ሥር የበቀለው ቍጥቋጦ ይመነጠራል። የዚህ ሥራ መሣሪያ ገጀራ ነው። ብዙ ጊዜም የሚሰበረው ስለቱ ሳይሆን፣ ከእጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ነው። ይህ በሆነ ጊዜ ሠራተኛው የቀን ዋጋው እንዳይቀርበት፣ ወይም የአለቃውን ቍጣ ፈርቶ፣ ስብራቱን በሽቦና በጠፍር አስሮ ወደ ምንጣሮው ይመለሳል። እንዲህ የታሰረ ገጀራ ግን በብርቱ በተሰነዘረ ጊዜ ከእጀታው ይወጣና በአጠገብ ያለውን ሰው ያቈስላል። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹም ወይም የአትክልት ባለቤት፣ ምንጣሮ ሳይጀመር ገጀራውን ሁሉ አስቀርቦ እጀታውን እያስነቀነቀ ሊያስመረምር ይገባዋል።

የመሰበሩ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የአሠራሩ ጕድለት ነው። ጭራው ከስለቱ ጋራ የሚገናኝበት ጥግ እንደ ሣጥን ማዕዘን ቀጥ ብሎ ከተቈረጠ፣ የምቱ ኃይል በዚያች ጥግ ይከማቻል። ከዚያም እንደ ጠጕር የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ዝናብና ላብ እየገባበትም ይዝጋል። እጀታው በችንካር የተያያዘ የፋብሪካ ገጀራ ደግሞ ለስለቱ በሚቀርበው ቀዳዳ ላይ ይሰበራል። የስብራቱን ፊት ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ከፊሉ ዝጎ ከፊሉ ብሩህ ቢሆን ስንጥቁ የቈየ ነው፤ ሁሉም ብሩህና እንደ ሻካራ ጨው ቢሆን ግን ብረቱ ሲሠራ ከልክ በላይ ግሏል፣ ወይም ከልክ በላይ ደርቋል።

ከሁሉ የሚሻለው ጥገና አዲሱን ጭራ ከራሱ ከስለቱ ማውጣት ነው። ገጀራው ያጥራል እንጂ መጋጠሚያ ስለሌለው ይጸናል። ቀጥቃጩ አስቀድሞ የቀረውን ስለት በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ እሳቱ ወደ ስለቱ ከዘለቀ ጥንካሬው ይጠፋልና። ከዚያም በስተኋላው በኩል 6 ሳንቲሜትር ያህል በከሰል እሳት ብርቱካን እስኪመስል አግሎ፣ በመስፍ ላይ እያጠበበ ይስበዋል። ወርዱ በግማሽ ሲጠብ ርዝመቱ ወደ 12 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ብረቱ ፍንጣሪ እስኪረጭ ከጋለ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውም ክፍል ተቈርጦ ከመጣል በቀር መድኃኒት የለውም። ጥጉ በክብ ሞረድ ይለዝባል። ጭራውንም በውኃ መንከር ፈጽሞ አይገባም፤ በአመድ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ይብረድ። ለስላሳ ጭራ ይጐብጣል እንጂ በድንገት አይሰበርም።

ይህን ሥራ የሚያውቀው ቀጥቃጭ ነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ይሁን እንጂ ስድቡ ከሰው አፍ ፈጥኖ አልጠፋም። ቀጥቃጩን እየሰደበ ገጀራውን በጊዜ እንዲያድስለት የሚጠብቅ ሹም ራሱን ይጐዳል፤ የተሰደበ ሰው ወናፉን ተሸክሞ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላልና።

በከተማ በኤሌክትሪክ መበየድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ያታልላል። ገጀራ የሚሠራበት ብረት ካርቦኑ ብዙ ስለ ሆነ፣ ከብየዳው ጐን ያለው ስፍራ ፈጥኖ ሲበርድ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፤ በመጀመሪያዎቹም ምቶች ከዚያው ጐን ሊሰበር ይችላል። እንግዲህ መበየድ ግድ ከሆነ፣ ከመበየዱ በፊት እስከ 250 ዲግሪ ያህል ማሞቅ፣ ከተበየደም በኋላ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሎ በአመድ ማብረድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የማይታገሥ በያጅ ባይነካው ይሻላል።

እሳት ከሌለ በሁለት ወገን ጠፍጣፋ ብረት ደርቦ በችንካር መያዝ ይቻላል፤ ይህ ግን ለሣር እንጂ ለእንጨት አይበቃም።

እጀታው ከደረቀ ወይራ ተሠርቶ በአፉ የብረት ቀለበት ይግባበት። ቀዳዳው በሌላ የጋለ ብረት ይቃጠል እንጂ በራሱ በገጀራው ጭራ አይቃጠል። ጥገናው ሲያልቅ በፊት ለፊት ሰው ሳይቆም ደረቅ ግንድ 20 ጊዜ ይመታበት፤ ከዚያም እጀታው ተፈትቶ ጥጉ በብርሃን ይታይ። ስንጥቅ ያልተገኘበት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የተገኘበት ግን ለቀጥቃጩ ተመልሶ ቢላዋ ይሠራበታል።