ልጃችሁ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ድንገት ጠባዩ ቢለወጥ

ልጅ ሲያድግ ጠባዩ እንደሚለዋወጥ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ይህ ለውጥ የሚመጣው ግን ቀስ በቀስ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት የነበረ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽሞ ሌላ ሰው ሲሆን ነገሩ የተለየ ነው። ለቤተሰቡ የተቀዳውን ውኃ ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጁን ይታጠብበታል፤ እናቱ ለራሽን ልትሰለፍ ስትወጣ ቀሚሷን ይዞ አይለቅም፤ «ምግቡ መርዝ አለበት» ብሎ አልበላም ይላል፤ «አልሞትም አይደል?» እያለ አንዱን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል።

ይህን ያየ ጎረቤት አንዱ «ቅብጠት ነው፣ ቅጡት» ይላል። ሌላው «ቡዳ ነው» ወይም «ጂኒ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የስደት ኑሮ ነው እንዲህ ያደረገው» ይላል። ስደትና ጭንቀት የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዱ አይካድም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድንገተኛ ለውጥ ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ወላጆች ይህን ቢያውቁ ልጁን ከዱላ፣ ራሳቸውን ከጸጸት፣ አንዳንድ ጊዜም የልጁን ልብ ከከባድ ጉዳት ሊያድኑ ይችላሉ። በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ እናብራራለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ኦሲዲ» የሚሉት አንድ የአእምሮ ሕመም አለ። በአማርኛ አስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ልንለው እንችላለን። በሽተኛው የማይፈልገው አስፈሪ ሐሳብ ወደ አእምሮው እየመጣ ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱን ለማስታገስ ሲል አንድን ድርጊት ይደጋግማል። መታጠብ፣ መቁጠር፣ በር መዘጋቱን ደጋግሞ ማየት፣ ጸሎትን «በትክክል አልደረሰም» ብሎ ከመጀመሪያው መጀመር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሙስሊም ወገኖቻችን በውዱእና በሶላት ላይ የሚመጣውን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ «ወስዋስ» በሚለው ስም ያውቁታል። ልጁ ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። ብዙ ጊዜም ድርጊቱ ትርጉም እንደሌለው እያወቀ ማቆም ያቅተዋል።

ይህ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ቀስ እያለ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1998 ሱዛን ስዊዶ የተባሉ አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የ50 ልጆችን ታሪክ መርምረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። የእነዚህ ልጆች ሕመም ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ በድንገት የጀመረ ወይም የተባባሰ ነበር። ለዚህም «ፓንዳስ» የሚል ስም ሰጡት። በኋላም ሌሎች ኢንፌክሽኖችና ምክንያቶች ተመሳሳይ ለውጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብሎ «ፓንስ» የሚል ሰፋ ያለ ስም ተጨመረ።

ሁሉም ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም። «ይህ ነው» ብሎ የሚለይ አንድ የደም ምርመራም የለም። ስለሆነም አንዱ ሐኪም የሚለው ከሌላው ቢለይ አትደናገጡ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ። ይኸውም ድንገት የተለወጠ ልጅ በሐኪም መታየት እንደሚገባው ነው።

ከጉሮሮ ወደ አንጎል እንዴት ይደርሳል?

ሌባ ሲያሳድድ በጨለማ የቤቱን ልጅ ሌባ መስሎት የሚመታ ዘበኛ አስቡ። የሰውነታችን የመከላከያ ኃይልም እንዲሁ ሊሳሳት ይችላል። ስትሬፕቶኮከስን ለመውጋት የተዘጋጀው መከላከያ፣ ባክቴሪያውን የሚመስል ነገር በራሱ በሰውነት ውስጥ ሲያገኝ ያንን ያጠቃል። መገጣጠሚያን ሲያጠቃ ቁርጥማት ይሆናል፤ ልብን ሲያጠቃ የልብን በሮች (ቫልቮች) ያበላሻል፤ እንቅስቃሴንና ስሜትን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ሲያጠቃ ደግሞ የልጁ አካልና ጠባይ ይለወጣል። ለፓንዳስም የሚሰጠው ማብራሪያ ይኸው ነው።

ከዚህ ውስጥ በደንብ የሚታወቀውና ሐኪሞች የማይከራከሩበት፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም እ.ኤ.አ. በ1686 የገለጸው «የሲደንሃም ኮሬአ» ነው። ኮሬአ በግሪክ ቋንቋ ጭፈራ ማለት ነው። የልጁ እጅ፣ እግርና ፊት ሳይፈልግ ስለሚወራጭ ይህ ስም ተሰጠው። በአብዛኛው የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ሲሆን፣ በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። የሚጀምረውም የጉሮሮ ሕመሙ ካለፈ ከ1 እስከ 6 ወር ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል ወላጅ ሁለቱን ነገሮች ላያገናኛቸው ይችላል። ኮሬአ ከያዛቸው ልጆች ብዙዎቹ ከመወራጨቱ በፊት ወይም አብሮ አስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት፣ ብስጭትና ያለ ምክንያት ማልቀስ ይታይባቸዋል።

ኮሬአ «ሩማቲክ ፊቨር» ከሚባለው ሕመም ምልክቶች አንዱ ነው። ስለሆነም ኮሬአ ያለበት ልጅ ልቡም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተራ ከሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹ የልባቸው በር የተበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ልብ የሚባሉ ምልክቶች

የሚከተሉት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲጀምሩ ልብ በሉ፦

— መታጠብ፣ መነካካት፣ መቁጠር ወይም አንድ ጥያቄ መደጋገም፤
— መርዝ ወይም መታነቅ ፈርቶ ምግብ እምቢ ማለት፤
— ከእናት ወይም ከአባት ለመለየት ከመጠን በላይ መፍራት፤
— ዓይን ማርገብገብ፣ ትከሻ መስበቅ፣ ጉሮሮን ደጋግሞ ማጥራት፤
— የእጅ ጽሕፈት መበላሸት፣ ትምህርት መርሳት፤
— ቶሎ ቶሎ መሽናት ወይም ትቶት የነበረውን በእንቅልፍ መሽናት እንደገና መጀመር፤
— ኩባያ ከእጅ መውደቅ፣ መንገዳገድ፣ ሲናገር መንተባተብ፣ እጅና ፊት መወራጨት (በእንቅልፍ ጊዜ ጋብ ይላል)።

ኮሬአን ለማወቅ ሐኪሙ ልጁን «ጣቶቼን ጨብጠህ ያዝ» ሊለው ይችላል። የልጁ እጅ ላም እንደሚያልብ ሰው እጅ ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ ይላል።

ትኩሳት ያለበት ልጅ አንገቱ ከደረቀ፣ ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ምግብና ውኃ ጨርሶ ከተወ ግን ነገሩ ማጅራት ገትር፣ ከባድ ወባ ወይም ሌላ አደገኛ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ

በክሊኒክ ሰልፍ ላይ ውላችሁ ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ የምታገኙት ጊዜ አጭር ነው። ስለሆነም አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ፤ መጻፍ ካልቻላችሁ የተማረ ልጅ ወይም ጎረቤት ይጻፍላችሁ። ለውጡ የጀመረበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት ባሉት 6 ወራት ልጁን ጉሮሮውን አሞት ወይም አተኩሶት እንደነበረ፣ በቤት ውስጥ ሌላ ጉሮሮውን ያመመው ሰው መኖሩን፣ የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ያዙ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ጠይቁ። «ልጄ ባለጌ ሆነ» ከማለት ይልቅ «ልጄ በዚህ ሳምንት ድንገት ተለወጠ» ብላችሁ ጀምሩ። «ጉሮሮውን እዩልኝ፤ ልቡንም አዳምጡልኝ» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ልጁ በ3ኛው ቀን ቢሻለውም 10ሩ ቀን ይሙላ። ከሱቅ አሞክሲሊን ገዝቶ 2 እና 3 ፍሬ መስጠት ግን ጥቅም የለውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሩማቲክ ፊቨር ነው ከተባለ ደግሞ ሕመሙ እንዳይመለስ መርፌው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ይሰጣል። ልብ ካልተነካ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው (ከሁለቱ የሚረዝመው) ይቀጥላል፤ ልብ ከተነካ ከዚያም ይረዝማል። መርፌው ያማል፣ ልጁም ያለቅሳል። ቢሆንም አንድ ወር መዝለል ሕመሙ እንዲመለስ በር መክፈት ነው። ወደ ሌላ ካምፕ ስትዛወሩም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ስትሄዱ የመርፌውን ካርድ ከራሽን ካርዳችሁ ጋር አኑሩ።

«የልጁ ሕመም ከተጻፈ ፕሮሰሳችን ይበላሻል» ብለው የሚደብቁ ወላጆች አሉ። የልብ ሕመም ፕሮሰስ አይጠብቅም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በሦስተኛ አገር ማስፈሪያ መስፈርቶቹ ውስጥ የሕክምና ችግር ላለባቸው ሰዎች ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ይህ ዕድሉ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አበው እንዳሉት በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን ቢያጠፋም ፍርሃቱ በአንድ ቀን አይለቅም። ሳምንታትና ወራት ሊወስድ፣ አዲስ ኢንፌክሽን ሲመጣም ሊመለስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዋናው ሐኪም ወላጅ ነው።

1ኛ፣ አትምቱት። ዱላ ፍርሃትን ይጨምራል፤ ፍርሃት ደግሞ ድርጊቱን ያባብሳል። ልጁንና ሕመሙን ለዩ። «አንተ መጥፎ ነህ» ሳይሆን «ይህ ሕመሙ የሚልህ ነው፤ አብረን እናሸንፈዋለን» በሉት።

2ኛ፣ ሕመሙንም አትታዘዙለት። ወላጅ ልጁ እንዳይጨነቅ ብሎ 10 ጊዜ ሳህን ሲያጥብለት፣ 50 ጊዜ «አትሞትም» ብሎ ሲመልስለት ለጊዜው ጸጥ ይላል፤ ሕመሙ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ጥያቄውን አንድ ጊዜ በእርጋታ መልሱ። ሲደግመው «ይህን መልሼልሃለሁ፤ ፍርሃቱ ራሱ እስኪያልፍ አብሬህ እቀመጣለሁ» በሉት።

3ኛ፣ ቀስ በቀስ ቀንሱ። ልጁ ሲረጋጋ ተስማሙ። በቀን 20 ጊዜ የሚታጠብ ከሆነ በዚህ ሳምንት 15፣ በሚቀጥለው 12 ይሁን። ለመታጠቢያው ውኃ በአንድ ጣሳ ለክታችሁ ስጡት። ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት መታጠብ ግን ይቀጥል። ሲሳካለት አመስግኑት፤ ሳይሳካለት ሲቀር አታዋርዱት። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው የምክር ሕክምናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ፣ ፍርሃትን በትንሽ በትንሹ እየተጋፈጡ ነው። በካምፓችሁ የአእምሮ ጤና ሠራተኛ ካለ እርሱን እየጠየቃችሁ አድርጉት። ከባድ ሲሆን ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒትም አለ።

4ኛ፣ ቃላችሁ አንድ ይሁን። አባት ሲከለክል አያት ከፈቀደች ልጁ ግራ ይጋባል። ለአስተማሪውም ንገሩ። እጁ የሚወራጭ ልጅ በጽሕፈቱ መቀጣት የለበትም።

5ኛ፣ ጠበልም ሆነ ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። መድኃኒት ማስቆም፣ ልጅን ማሰር ወይም ለረጅም ጊዜ ማስጾም ግን ይጎዳል። እንጥል ማስቆረጥም ይህን ሕመም አይከላከልም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ለራሳችሁም እዘኑ

እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ የላትም። ሌሎቹ ልጆች «እርሱን ብቻ ነው የምትወጂው» ይላሉ፤ ባልና ሚስትም ይጣላሉ። ይህ የደካማነት ምልክት አይደለም። ባል ተራ ይያዝ፤ የምታምኗት ጎረቤት በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ልጁን ትያዝላችሁ። ለታላቅና ለታናሽ ልጆች «ወንድማችሁ ታሟል፤ በእናንተም በእርሱም ጥፋት አይደለም» ብላችሁ ግለጹላቸው። የብሎክ ተጠሪዎችና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችም እንዲህ ያለ ቤት ሲያዩ ሐሜቱን ትተው ወደ ክሊኒክ ቢመሩ ትልቅ ውለታ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው

ስትሬፕቶኮከስ ብዙ ሰው በአንድ መጠለያ ሲተኛ በሳልና በማስነጠስ ይተላለፋል። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከእርሱ የሚመጣ አይደለም፤ ንፍጥና ሳል ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው። ነገር ግን ልጁ ሲውጥ ካመመው፣ ካተኮሰው፣ የአንገቱ ዕጢዎች ካበጡና ሳል ከሌለው ሳትቆዩ አስመርምሩት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተሰጠ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። አንድ መርፌ የልጅን ልብ ሊያተርፍ ይችላልና የልጆቻችሁን የጉሮሮ ሕመም «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትለፉት።

ኮሬአ ከያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ መወራጨቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይተዋቸዋል። በአስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት የሚሠቃዩ ልጆችም ሲታከሙና ሲታገዙ ይሻላቸዋል። ልጃችሁ ተለውጦ ካገኛችሁት የጀመረበትን ቀን ጻፉና በማግሥቱ ክሊኒክ ውሰዱት።